ሦስተኛው ወረቀት

እውነት ነው። ከዚህ በታች ከተጻፈው አንዲት ነገር ውሸት ብትገኝ ሁለቱም ጆሮዎቼ ይርገፉና መነጽሬን የማንጠለጥልበት ልጣ። ይህን ታሪክ ያወራሁላቸው ሰዎች ግማሾቹ «በል ሂድ፣ ሥራ አለን» አሉኝ። አንዱማ ጫማውን አውልቆ ሊወረውርብኝ ሲል ካልሲው የተቀደደ መሆኑ ትዝ አለውና ተወኝ። ቢሆንም እውነት ነው። ዛፉም እውነት ነው፣ ሳጥኑም እውነት ነው፣ ሰዎቹም እስከ ዛሬ አሉ፤ አሉ ከተባለ።

ጫካ ጥግ አንድ የወፍ ቆጠራ ጣቢያ አለ። «ወፍ መቁጠር ደግሞ ሥራ ነው?» የሚል አይጠፋም። ሥራ ነው፤ ያውም የሥጋ ዘመድ የሚያጣላ ሥራ። ጣቢያው አንድ ቢሮ፣ ሌት ተቀን የሚንጠባጠብ አንድ ቧንቧና አንድ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት አለው። ቤቱ ከፊት ሁለት ሰፋፊ ክፍሎች፣ ከኋላ ደግሞ አልጋ ከገባባት በሯ የማይዘጋ አንዲት ጓዳ አለችው። ከፊት የሚኖረው ዋናው ቆጣሪ ነው፤ ቤቱ የሥራው ነው፣ ሥራውን የለቀቀ ቤቱንም ይለቃል። በዚያች ጓዳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ የተኛው ደግሞ ሁለተኛው ቆጣሪ፣ የዋናው ቆጣሪ የእህት ባል ነው። ሰው ሁሉ «አማቹ» ነው የሚለው። ሌሎች በፈተና ይቀጠራሉ፤ እሱ የተቀጠረው በሠርግ ነው።

ዋናው ቆጣሪ «ሁለቴ» ይባላል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በሁለቱ ክፍሎች ብቻውን ይንጎራደዳል። ስሙ የወጣለት ማንኛውንም ነገር ሁለት ጊዜ ካላየ ስለማያምን ነው። ማንኪያውን አፉ ከመክተቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያያል። ሰላም ያለውን ሰው ሁለት ጊዜ አይቶ ነው የሚመልስለት። «አንዴ ያየ አላየም» ይላል፣ ጣቱን አቁሞ። ይህን አባባል ከእሱ ያልሰማ ሰው ቢኖር ጫካው ውስጥ ያልገባ ሰው ብቻ ነው።

የቆጠራው ደንብ እንዲህ ነው። አንድ ወፍ መዝገብ ላይ የሚገባው በሁለት ወረቀት ነው። ሁለቱ ቆጣሪዎች አሥር እርምጃ ተራርቀው ይቆማሉ፣ አንዱን ወፍ ያያሉ፣ አይነጋገሩም፣ አይጠቃቀሱም፤ እያንዳንዱ ያየውን በግማሽ ወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ፣ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ከዚያ ሳጥኑ ይከፈታል። ወረቀቶቹ ከተስማሙ ወፉ ተመዘገበ። ካልተስማሙ ወፉ በሦስተኛ ሰው እንደገና ይታያል፣ የተሳሳተውም ወረቀቱ ላይ በቀይ ማኅተም «ተመላሽ» ተብሎ ይመለስለታል። ሦስት ወረቀት የተመለሰበት ቆጣሪ ከጫካው ይወጣል።

ሁለቴ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም አልተመለሰበትም። አማቹ በስምንት ዓመት ሁለት ተመልሶበታል። አንዱን ያገኘው የደረቀ ቅጠል «ባለ ቡናማ ጭራ» ብሎ መዝግቦ ነው። «ይወዛወዝ ነበር እኮ!» ብሎ ተከራከረ፤ አልሰሙትም። ዓይኑ እንኳ ደህና ነው፤ ውሻ ላይ ያለች ቁንጫ ስታዛጋ ያያል። ችግሩ ችኮላው ነው። አይቶ ሳይጨርስ ጽፎ ጨርሷል።

አሁን ስለ ወፉ። ማር መጣጭ ይሉታል፤ አውራ ጣት የሚያህል፣ እንደ ጎበጠ መርፌ ያለ ምንቃሩን አበባ ውስጥ ሰክቶ ማሩን የሚመጥ ነው። በዚያ ጫካ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ደረቱ ላይ ቀይ መቀነት የታጠቀ፣ ሞልቶ የተረፈ፤ ሌላው ጉሮሮው ሐምራዊ፣ በዓመት አንዴ ከታየ የሚያስጨፍር። ቀላል ይመስላል አይደል? ጥላ ውስጥ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ፀሐይ በትክክለኛው ማዕዘን ካልመታቸው ቀለማቸውን አያሳዩም፤ ቅርንጫፍ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ እስክታስነጥስ ነው። ሴቶቹማ ሁለቱም አመድ ለብሰው፣ የገዛ ባሎቻቸው እንኳ የሚለዩአቸው አይመስለኝም። ስለዚህ ቆጣሪ በዓይኑ ካልሆነለት በጆሮው ይለያል፤ ቀይ መቀነት ይንጫጫል፣ ሐምራዊው ያፏጫል።

አንድ ሰኞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ሁለቴ ፖስታውን ቀደደና ወረቀቱን ለእህቱ ሰጣት።

«አንብቢልኝ እስቲ፤ መነጽሬን አልጋ ላይ ረስቼዋለሁ።»

እሷም በር ላይ ቆማ አነበበች። ከመጪው ወር ጀምሮ ለጣቢያው የሚያስፈልገው አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ በአንድ ዛፍ፣ በአንድ ወፍ ሁለቱንም ይፈትናል። ሁለቱም ትክክል ከጻፉ የቆየው ይቀራል። በፈተናው ጊዜ ከቆጣሪዎቹ አጠገብ ማንም አይቆምም።

«የቆየው እኔ ነኝ» አለ ሁለቴ። ከዚያ ወደ አማቹ ዞሮ፣ «አይዞህ፣ ዕቃህን ስትሸከም እረዳሃለሁ» አለና ሳቀ። አማቹም ሳቀ፤ ከአንገት በላይ። ሁለቱም ክፍሎች ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት፤ እግር ዘርግቶ የሚተኛባቸው፣ በራቸው የሚዘጋ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የአማቹ ሚስት ቧንቧው ሥር ልብስ ታጥባለች፣ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይነክሳል።

«ይኼን ቢጫ ግን ከየት ነው የምታመጡት?» አለች፣ ባርኔጣውን እየፈተገች።

«ወንዙ ዳር ካለው ዛፍ ነዋ። አሁን አብቧል። ሥሩ ስንቆም አበባው ዱቄቱን እያራገፈ ግንባራችንን ይቀባናል።»

«ደረቁን ብታራግፈው እኮ ብን ብሎ ይሄዳል። አንተ በላብህ ታቦካውና ለኔ ታመጣዋለህ።»

«እሺ፣ ፕሮፌሰር» አላትና ተነሥቶ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣት።

ፕሮፌሰር የሚላት ለነገር ነው። ዓምና ሌላ ጣቢያ አንድ የቆጣሪ ቦታ ክፍት ሆኖ ነበርና «እኔስ ብፈተን?» ብላ ነበር። ወንድሟ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አንቺ ወፍ ቆጠርሽ ቢባል ወፎቹ ራሳቸው ከሳቅ ብዛት ከቅርንጫፍ ይወድቃሉ!» አላት። ባሏም አልቀረ፣ «ኧረ ተዋት ጋሼ፣ ላባቸውን አጥባ ታሰጣልናለች» ብሎ ጨመረበት። እሷም ሳቀች። እንዲያውም ከሦስቱም ረጅሙን የሳቀችው እሷ ነበረች።

ባርኔጣውን ጨምቃ አሰጣችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሐሙስ ጋሼ የሚሳሳት ይመስልሃል?»

«ጋሼ? ሰማይ ካልተደፋ በቀር!»

«አያይም እኮ።»

«ማ?»

«ጋሼ ነዋ። የዓይን ሞራ ነው። መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን፤ ሁለት ዓመቱ። ሻይ ላድርስለት እያልኩ ፔርሙዝ ተሸክሜ ጫካ የምመላለሰው ለምን ይመስልሃል? ጎንበስ ብዬ ስቀዳለት ቀለሙን እነግረዋለሁ። ድምፁን እሱ ያውቀዋል። ሐሙስ ግን ማንም አጠገቡ አይቆምም ተብሏል። ያለው ጆሮው ብቻ ነው።» እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ወንድሜ ነው።»

አማቹ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ዕውር ጋር ተወዳድሮ ተሸንፏል! ሄዶ ሊያሳብቅ አሰበ። ግን ማን ያምነዋል? «ቅጠል መዝጋቢው በሚስቱ ወንድም ቀና» ነው የሚሉት። አይሆንም፤ ሰውየው በገዛ ብዕሩ፣ በገዛ ወረቀቱ ነው መውደቅ ያለበት። ያን ጊዜ ማንም ማንንም አይወቅስም። በኀዘኔታ ጓዳዋን ይለቅለታል።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ዘዴው ተገኝቶ ነበር። ምስጢር ደግሞ አማቹ ሆድ ውስጥ ካደረ ይነፋዋል። ለሚስቱ ካልነገራት ጉርሻው አልወርድ አለው።

«ስልኬ ላይ የሐምራዊ ጉሮሮ ፉጨት አለ፤ ለመማሪያ የተቀዳው። የማንቂያ ደወል አደርገዋለሁ። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ጫካው ውስጥ ያፏጫል። በዚያ ሰዓት እዛፉ ላይ የሚመጣው ሁልጊዜ ቀይ መቀነቱ ነው፤ ደንበኛ ነው፣ አይቀርም። ጋሼ በጆሮው ‹ሐምራዊ› ብሎ ይጽፋል፣ እኔ በዓይኔ ‹ቀይ› ብዬ እጽፋለሁ። አለቀ!»

«አንተ ጨካኝ!» አለችው። «ወንድሜን?»

«አንጥለውም እኮ! ጓዳ እናስቀምጠዋለን። እኔ ስምንት ዓመት ኖሬባት ሞትኩ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰች መስሎት ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት።

«ስልኩንስ የት ነው የምትደብቀው?» አለች፣ እንደዞረች።

«ከዛፉ ሥር ያለችው ቁጥቋጦ ውስጥ፤ ከጋሼ አፍንጫ አንድ ሜትር ብትርቅ ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪው መጣ። ቀጭን፣ ጃንጥላ የማይለየው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይጻፍ»። እንደምን አደሩ ሲሉት «ይጻፍ» የሚል ይመስል ነበር። ሁለቱን ቆጣሪዎች ወንዙ ዳር ወስዶ ዛፉ ሥር አሥር እርምጃ አራርቆ አቆማቸው። ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ግማሽ ወረቀት ሰጣቸው። እሱ ራሱ ሳጥኑን ይዞ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና አንድ ግንድ ላይ ተቀመጠ። እህትየዋ ፔርሙዟን አቅፋ አጠገቡ ነበረች።

«ለኔም ግማሽ ወረቀት ቢሰጡኝ» አለችው። «ለጌታዬ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደጨመርኩ እንዳልረሳ።»

ተቆጣጣሪው አየት አደረጋትና ሰጣት።

ዛፉ ዳር እስከ ዳር አብቧል። እያንዳንዱ አበባ ጉሮሮው ረዥም፣ አፉ ላይ ደግሞ በቢጫ ዱቄት የተነከሩ ክሮች የተንጠለጠሉበት ነው። አማቹ ኪሱን ዳሰሰ። ወረቀቱን ገና ማታ ከራሱ ወረቀት ቆርጦ ጽፎ ጨርሷል፤ «ቀይ መቀነት፣ ወንድ»። የቀረው መክተት ብቻ ነው። የተሰጠውን ባዶ ወረቀት ለይምሰል በእጁ ይዟል።

ልክ ሁለት ሰዓት።

ቁጥቋጦዋ አፏጨች። እንዴት ያለ ፉጨት! ሦስት ጊዜ ቀጭን፣ አንዴ ወፍራም፤ እንደገና ሦስት ቀጭን። ሁለቴ ራሱን ቀና አደረገ። የሩቅ ማያ መነጽሩን በዝግታ፣ በክብር፣ እንደ አዛዥ አነሣና ከዛፉ ማዶ ወዳለው ባዶ ሰማይ አነጣጠረ። አማቹ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። «እይ ጋሼ፣ እይ፤ ሁለት ጊዜ እይ።»

ግን አራተኛው ፉጨት ላይ ቁጥቋጦዋ ሳለች። «ኽ፣ ኽም» አለች፣ ጥርት አድርጋ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፉጨቱን ከዓመታት በፊት የቀዳው ራሱ ሁለቴ ነበር፣ ጉንፋን ይዞት። አማቹ ቅጂውን መቶ ጊዜ ስለሰማው ሳሉ አይሰማውም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የገዛ ሳሉን ግን የማያውቅ የለም። ሁለቴ መነጽሩን አወረደ። ፈገግ አለ። ወረቀቱን መዳፉ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። ጻፈ፣ ጻፈ፤ ለአንድ ወፍ የማይጻፍ ያህል ጻፈ።

ይሄኔ ነው ወፉ የመጣው።

ማር መጣጭ የሱ በሆነ አበባ አጠገብ ሌላው ሲያፏጭበት አይወድም። ከላይ እንደ ተወረወረ ጠጠር ወረደና ቁጥቋጦዋ ላይ ተለጠፈ። ሲጣላ አይንጫጫም፤ ክንፉን ያርገበግባል፣ ይዘላል፣ ይወጋል፣ ስልኩን በምንቃሩ ይጠቀጥቀዋል። ወንዙ እየጮኸ፣ ስልኩ እያፏጨ፣ ሁለቴም በጽሑፉ ተመስጦ፣ ከአፍንጫው አንድ ሜትር ላይ የሆነውን ጦርነት አልሰማም።

አማቹ ግን አየ። የወፉ ግንባር ቢጫ ነበር። ቢጫ ብቻ? የእንቁላል አስኳል! መጽሐፉ ውስጥ ቢጫ ግንባር ያለው ማር መጣጭ የለም። መዝገቡ ውስጥ የለም። ታይቶ አይታወቅም። አዲስ ወፍ ያገኘ ሰው ደግሞ ስሙ ወፉ ላይ ይቀራል። ሁለት ክፍል ምን አላት! ፎቶግራፉ ዋናው መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት፣ ከነፈገግታው ሲሰቀል ታየው።

ሁለት ወረቀት የተገኘበት ይባረራል። ስለዚህ ኪሱ ያለውን ወረቀት በቀስታ አውጥቶ አፉ ውስጥ ከተተው። አኘከው፤ ቀለሙ መራራ ነበር፤ ዋጠው። እውነተኛውን መልስ በላው ማለት ነው። ባዶው ወረቀት ላይ ደግሞ ያየውን ጻፈ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባበት ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። መዳፉ ቢጫ ሆነ። ሳያየው ሱሪው ላይ ጠረገው።

ሁለቱም ሄደው ወረቀታቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ። ተቆጣጣሪው ስልኩን ከቁጥቋጦው አውጥቶ አጠፋና ያለ አንዳች ቃል ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ይህን ጊዜ አማቹ ትንሽ ላበው። «ግዴለም» አለ በሆዱ። «አዲስ ወፍ ያገኘ ሰው ስልኩ የት እንደነበር ማን ይጠይቀዋል?»

የመጀመሪያው ወረቀት ወጣ።

«‹አዲስ ዝርያ። ማር መጣጭ፣ ወንድ፣ ባለ ቢጫ ግንባር። ስሙ በአግኚው ይሰየም›» ብሎ አነበበ ተቆጣጣሪው። ይጻፍ አላለም።

ሁለተኛው ወረቀት ወጣ።

«‹ዝርያ፦ ስልክ። ጾታ፦ አልታወቀም። ላባ፦ የለውም፣ ጥቁር ሽፋን አለው። ምግብ፦ ባትሪ። መኖሪያ፦ የእህቴ ባል ኪስ። ጎጆ የሚሠራው፦ የሰው ቤት ለመቀማት። በዚህ ጫካ የሚገኘው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ከነባለቤቱ ቢባረር ለወፎቹ ጤና ይበጃል።›»

የተቆጣጣሪው ጃንጥላ ተንቀጠቀጠ። ያ ቃል የሚቆጥብ ሰው ሳቁ አምልጦት ግንዱ ላይ ሊገለበጥ ሲል እህትየዋ ክንዱን ያዘችው። አማቹ መሬት አፏን ብትከፍትለት ጫማውን አውልቆ በገባ ነበር።

«እ፣ አማቼ?» አለ ሁለቴ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ወፍ ስሰማ የኖርኩትን ሰውዬ በደወል? ለመሆኑ አንተን ማን ነው በደወል የሚቀሰቅስህ፤ እህቴ በጥፊ ነው ስትል አልሰማሁም? እንካ፣ ዕቃህን ጠቅልል! ዛሬውኑ! ጓዳዋን ለዶሮ እፈልጋታለሁ!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ጋሼ አትበለኝ! ስልክህን ጋሼ በለው!»

ተቆጣጣሪው እንባውን ጠረገ። «ግሩም ነው» አለ። «ስልክ መሆኑን ለይተዋል። ወፉስ?»

«የቱ ወፍ?» አለ ሁለቴ፣ ገና እየሳቀ።

ተቆጣጣሪው በጃንጥላው ወደ ቁጥቋጦዋ አመለከተ።

«አጠገብዎ አምስት ደቂቃ ከስልኩ ጋር የተደባደበው። ክንፉ አፍንጫዎን ሊመታው ነበር። እኔ ከሃያ እርምጃ አየሁት።»

የሁለቴ ሳቅ ፊቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፣ አውራጁ እንደጠፋ የተሰጣ ልብስ። ራሱን ወዲህ አዞረ፣ ወዲያ አዞረ። ከዚያ እህቱ ወደምትገኝበት አቅጣጫ፣ ትንሽ ስቶ፣ እጁን ዘረጋ።

«እህቴ» አለ። «ሻይ ቅጂልኝ እስቲ።»

አማቹ ይህች ሻይ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«አልቋል፣ ጋሼ» አለችው።

ፔርሙዙ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ይህን ስትል ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው፤ ሻዩም ውስጡ ሲናወጥ ቦጭ፣ ቦጭ አለ። በዚያ ጫካ ካሉት ሰዎች ሁሉ ጥሩ ጆሮ ያለው ሁለቴ ነው። የተዘረጋው እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ሁለት ወረቀት ካልተስማማ ሦስተኛ ሰው ያያል ይላል ደንቡ» አለች እሷ፣ ወደ ተቆጣጣሪው ዞራ። «ስኳሩን ልጽፍበት ነበር፤ ሌላ ነገር ጻፍኩበት።» ግማሽ ወረቀቷን ሰጠችው።

«‹ቀይ መቀነት፣ ወንድ። ግንባሩ ላይ ያለው ቢጫ የዚህ ዛፍ አበባ ዱቄት ነው። ደረቅ ስለሆነ ሲያራግፈው ይለቃል።›»

«ይጻፍ!» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። መጀመሪያ ስልኩን አነሣና እንደገና አስፏጨው። ወፉ ወዲያው መጣ፤ ቂሙ ገና አልወጣለትም። ስልኩን ቢፈልግ አጣውና አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ፀሐይ ውስጥ ተቀመጠ። ሁሉም አዩት፤ አንዱ ሲቀር። ግንባሩን ቅርንጫፉ ላይ በግራ በኩል፣ ከዚያ በቀኝ በኩል፣ ቢላ እንደሚስል ሰው አሸት አሸት አደረገው። ቢጫው ብን ብሎ ሄደ። ከሥሩ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ፣ ተራ፣ የታወቀ፣ በየቀኑ የሚመዘገብ ግንባር ወጣ፤ ደረቱም ላይ ቀይ መቀነት።

«ሱሪህን እይ» አለችው ባሏን፣ ሳትጮህ። አየ። መዳፉ እዚያው ላይ፣ አምስቱም ጣቶቹ በቢጫ ታትመዋል። «እሱን ደግሞ በላብህ አቡክተህ አምጣልኝ።»

ተቆጣጣሪው ቀዩን ማኅተም ከኪሱ አወጣ። ለአማቹ ሦስተኛው ነበር። ለሁለቴ የመጀመሪያው። ለአንድ ስህተት አይባረርም፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪው ጣቱን ከፊቱ አቁሞ «ስንት ነው?» ሲለው ሁለቴ «አንዴ ያየ አላየም» ለማለት እንኳ አልደፈረም። ወረቀቱን ተቀብሎ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ፈለገው። እርጥብ ስለነበር አገኘው። ጣቱ ቀላ።

«ሥራው ክፍት ነው» አለ ተቆጣጣሪው። «ማን ይግባበት?»

«ይጻፍ» አለች እህትየዋ።

አሁን ከፊት ሁለቱ ክፍሎች የምትኖረው እሷ ነች፤ በራቸው ይዘጋል። ጓዳዋ ውስጥ ሁለቱ ወንዶች ጉልበት ለጉልበት ተቆላልፈው ይተኛሉ፤ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ፈቃድ ይጠየቃል። ለዶሮ ቦታ አልተረፈም። አማቹ ፔርሙዝ ተሸካሚ ሆኗል። አንድ ቀን ደፍሮ፣ «ያን ምስጢር ለምን ነገርሽኝ?» ብሎ ጠየቃት።

«ባልነግርህ ስልኩን ትደብቀው ነበር?» አለችው።

በየጠዋቱ ዛፉ ሥር ታቆማቸዋለች፣ አሥር እርምጃ አራርቃ። ግማሽ ግማሽ ወረቀት ትሰጣቸዋለች። አንደኛው አያይም፤ ሌላኛው ያየውን ከእንግዲህ አያምንም፤ ቅጠል ይሁን ወፍ እየተጠራጠረ ብዕሩን ይነክሳል። ምሳ ላይ የጻፉትን ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። «ወፎቹ ከቅርንጫፍ ይወድቃሉ ያልከው ማነህ፣ ጋሼ አይደለህም?» ትልና ትስቃለች። እነሱም ይስቃሉ። አሁን ረጅሙን የሚስቁት እነሱ ናቸው።

ጆሮዬን ያስያዝኩበትን መሐላ አልረሳሁትም። አንዲት ነገር ግን ጨምሬያለሁ፤ ሳሉን። ቅጂው ላይ ሳል የሚባል አልነበረም። ጥርት ያለ ፉጨት ነበር፤ ወፉ ራሱ እውነት መስሎት ስልኩን የወጋበት። ታዲያ ሁለቴ ስልክ መሆኑን በምን አወቀ? ረቡዕ ከምሳ በኋላ ደጃፍ አስቀምጣ ፀጉሩን ስታስተካክለው እህቱ ነግራዋለች፤ ከየትኛው ቁጥቋጦ፣ በስንት ሰዓት። «አዋርደው፣ ጋሼ» ነው ያለችው። «ስልክ ብለህ ጻፍ። ሌላ ምንም እንዳትጽፍ።» ወፍ ይመጣል አላለችውም። እሱም ግንባሯን ስሟት፣ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አላት።

ሳሉን የጨመርኩት ለሱ ብዬ ነው። በዚያች ቀን ከፔርሙዙ ሌላ አንድ ነገር እንኳ በገዛ ጆሮው የሰማ እንዲመስል።